ፈረቃ ላይ ያለው ሙሽራ

እንደው ምን ይሁን ብለው ነው ቁጥር ሁለት የሚሠሩት? ቁጥር አንድ ምን ጎደለው?

አስካለማርያምና እኔ አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ አብረን ነው ያረጀነው። በወጣትነታችን የፋብሪካው ኪነት ቡድን «ሙሽራው ፈረቃ ላይ ነው» የሚል ዘፈን የበዛበት ኮሜዲ ሠርቶ ነበር። አስካለ ሙሽሪት፣ መካኒኩ ተስፋሚካኤል ሙሽራ። የሠርጉ ቀን ማሽን ይበላሽና ሙሽራው ፋብሪካ ይቀራል። እሷ በቬሎዋ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማ «ሙሽራዬ የት አለ?» ብላ ታዜማለች። ተቀባዩ ተመልካቹ ነው፤ ቱታውን ያላወለቀ ሠራተኛ ሁሉ «ፈረቃ ላይ ነው!» እያለ አዳራሹን ያናውጠዋል። በኋላ ሁለቱ የእውነት ተጋቡ። ተስፋሚካኤል ካረፈ ወዲህ «ያንን መልስ አንዴ ልስማና ልሙት» ትለኝ ነበር።

ታዲያ ዘንድሮ ሰይፈሥላሴ የሚባል ወጣት አዘጋጅ ኮዬ ፈጬ፣ ቤቷ ድረስ መጥቶ «እማማ፣ ቁጥር ሁለትን ልንሠራ ነው፤ ያለ እርስዎ አይሆንም» አላት። ደስታዋን አትጠይቁኝ።

ቲያትሩ የሚታይበት እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ጭስ የሚተፋ ማሽን፣ ዓይን የሚያጨናብስ መብራት። አዲሱ ሙሽራ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ የገዛ ሠርጉን በስልክ ይከታተላል። ይሁን። አስካለ አሁን የሙሽሪት እናት ናት፤ የድሮ ዘፈኗን ግን ትተውላታል። ወጥታ «ሙሽራዬ የት አለ?» ስትል ለካ ተቀባዩም አስቀድሞ ተቀርጿል! «ስብሰባ ላይ ነው» ብሎ ድምፅ ማጉያው መለሰላት። ደሜ ፈላ፤ መልሱን ካልተዉለት ተመልካቹ ምን ሊያደርግ መጣ?

አስካለ ዘፈኗን አቋረጠች።

«ቴፑን ዝጉት» አለች። ዘጉት። እንደገና ያለ ሙዚቃ፣ በሻከረ ድምፅዋ፣ «ሙሽራዬ የት አለ?»

ያ ሁሉ ወጣት ቁጥር አንድን የት ያውቀዋል? እኔ ልመልስ ብድግ ስል፣ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ አንጀቷን በልታት ኖሮ «አይዞዎት እማማ፣ ይመጣል!» ብላ ጮኸች። ሰዉም አጨበጨበ።

አስካለ ሳቀች። «አይመጣም ልጄ። ፈረቃ ላይ ነው በሉልኝ።»

አሉ። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ፣ ዜማውን ገደሉት። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻቸው።

«እንግዲያው እጠብቀዋለሁ» አለችና ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባች።