ማን ይላጨኛል?

የዘንድሮ ላጲስ እንጆሪ ይሸታል። ባለፈው እሑድ ከሰዓት የልጅ ልጄ ሊዲያ ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ፣ በእርሳስ የሣለችውን ፊት ደጋግማ ስታጠፋ ሽታው ወጥ ቤት ድረስ መጣብኝና ሽንኩርት መክተፌን ትቼ ወጣሁ፤ ምሳዋን ሳትበላ ከረሜላ የምትበላ መስሎኝ ልቆጣት ነበር። የተሰጣት የቤት ሥራ «በታሪክ ከሚደነቁ ሴቶች የአንዷን ሥዕል ሥላችሁ፣ ከሥሩ አምስት መስመር ጻፉ» የሚል ነው። ስልኬን ተቀብላ ስትፈልግ ያገኘቻቸው ሁሉ ዘውድ የደፉ በመሆናቸው፣ ዘውዱን በደንብ ሠርታ ፊቱ ላይ ስትደርስ እጇ እየከዳት ወረቀቱን ልትቀድደው ተቃርባለች። ላጲሱን ከእጇ ተቀብዬ አሸተትኩት። እኔ በእሷ ዕድሜ ላጲሴ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተረከዝ በምላጭ የተቆረጠች ጎማ ነበረች፤ ስትፋተግ የተቃጠለ ጎማ ትሸታለች፣ አንድ መስመር አጠፋሁ ብላ ሁለት መስመር ትጨምራለች። ያቺን ጎማ ሳስብ ደግሞ የእማማ ደስታ ጺም ትዝ አለኝና ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ።

ያን ጊዜ የምንኖረው አቃቂ፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ ነበር። ሰዓት ያለው ቤት ጥቂት ስለነበረ ሰፈሩ የሚነሳውም፣ ምሳ የሚበላውም፣ ልጁን ገላ የሚያጥበውም በፋብሪካው የፈረቃ ጡሩንባ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ድምፁ ክፍላችን ድረስ ይሰማል፤ ጫማችን ላይ የሚጣበቀው ጥቁር ጭቃ ክፍል ውስጥ ደርቆ ሲረግፍ፣ ተረኛ ጠራጊ የሆነ ልጅ ከእኛ ጋር መጣላቱ የታወቀ ነው። አባቴ ቃሊቲ ውስጥ የጭነት መኪና ቀለም ቀቢ ስለነበር ቤታችን ሁልጊዜ ቀለም ይሸታል፤ እናቴ ወጡ ሳይቀር ቀለም ቀለም ይላል እያለች ታማርር ነበር። ከእሱ የተረፈውን ቀለም በቆርቆሮ ክዳን እየተቀበልኩ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ አንድ ጊዜም የጎረቤት ዶሮ ላይ ሥያለሁ። በዚህ የተነሳ ገና አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤቱ ሠዓሊ እየተባልኩ እጠራ ነበር።

የታሪክ አስተማሪያችን እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ረጅም፣ ጸጉራቸውን አሳጥረው የሚቆረጡ፣ ክርኑ የተጣፈ ሰማያዊ ሹራብ ከመስከረም እስከ ሰኔ የማይለያቸው ሴት ነበሩ። ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ መጽሐፉን ይዘጉና የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ይነግሩናል። ሲናገሩ ታዲያ ታላቅ ሰው ያሉትን ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንቱታ ነው፤ ተነሡ፣ ተዋጉ፣ አሸነፉ፣ ሞቱ። ስምም ቢሆን ታሪኩ እስኪያልቅ አይጠሩም። እኛም ጺማሙን ሰውዬ በየልባችን እየሣልን እናዳምጣለን። አንቱታችን ወንድና ሴት እንደማይለይ፣ እርሳቸው የተባለው ሰው ማንም ሊሆን እንደሚችል አንዳችንም አስበን አናውቅም ነበር።

አንድ ዓርብ የነገሩን ታሪክ የእዛው የአቃቂ ነበር። በጣልያን ጊዜ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንድ አርበኛ ነበሩ አሉን። ጫካ ላሉት ወገኖቻቸው ጥይት ያቀብላሉ፤ ጥይቱን እንስራ ውስጥ ከትተው ላዩን ውኃ ይሞሉበትና ጠባቂዎቹ እያዩ ኬላውን ያልፋሉ። አንድ ቀን ኬላ ጠባቂው ባንዳ ውኃ ጠማኝ ብሎ አስቆማቸው። እንስራውን አውርደው ዘንበል ሲያደርጉለት ጥይቱ ከሥር ቅጭል አለ። ባንዳው «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ቢላቸው «ከወንዝ የቀዳሁት ነው፤ ጠጠር ነው» አሉት፤ እሱም ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ አመስግኖ አሳለፋቸው። እትዬ ዘነበች ባንዳውን ሳይቀር «እባክዎ ውኃ ያጠጡኝ» እያሰኙ ስለተረኩልን፣ እኔ በልጅነቴ ባንዳ ማለት ክፉ ግን ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከኋላ የሚቀመጠው ተሾመ፣ ጥያቄ ካልጠየቀ የሚያመው ልጅ፣ እጁን አወጣ። «እትዬ፣ ወንድ ልጅ እንስራ ይሸከማል እንዴ?»

«አርበኛ የማይሸከመው ነገር የለም» አሉና ደወሉ ተደወለ።

ነገሩ ግን ስላልተዋጠልን ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ተከራከርንበት። በመጨረሻ መልሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ሰውዬው ሴት መስለው ነበር! ነጠላ ተከናንበው፣ እንስራ አዝለው ኬላውን ያለፉት ለማታለል ነው። ሁሉም በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ፤ ተሾመ እንኳ «እንዴት ያለ ብልህ ሰውዬ!» ብሎ አደነቀ። ሴት ሆና እንስራ ተሸክማ ልታልፍ ትችላለች የሚለው አጭሩ መንገድ ለማናችንም አልታየንም። እኔ ራሴ ሴት ልጅ ሆኜ፣ እናቴ በየቀኑ ውኃ ስትቀዳ እያየሁ!

የዓመቱ የወላጆች በዓል ሲደርስ እትዬ ዘነበች የክፍላችንን የውጭ ግድግዳ ሰጡኝና የፈለግሁትን ታሪክ እንድሥልበት ነገሩኝ። አላመነታሁም። መጀመሪያ ደብተሬ ላይ ሞከርኩት፤ በጎማዬ እያጠፋሁ ጺሙን በየጊዜው አስረዘምኩት። ከዚያ አባቴ በሰጠኝ የጭነት መኪና ቀለም ግድግዳው ላይ አወጣሁት። ነጠላው የመኪና ሰማያዊ፣ እንስራው የመኪና ብርቱካንማ ሆነ፤ ከነጠላው ሥር ደግሞ እስከ ደረት የሚወርድ ጥቁር ጺም። ጺሙን ያለ ልክ ያበዛሁት በምክንያት ነው፤ ተመልካቹ ሰውዬውን ሴት ናቸው ብሎ እንዳይሳሳት ሰግቼ ነበር።

እትዬ ዘነበች መጥተው ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ጺሙ የግድ ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ያለ ጺም እኮ ሴት ይመስላሉ።»

ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ወደ ሜዳው ዞሩና «እንግዲያው ጨርሺው» ብለውኝ ሄዱ። አባቴ ግን ሊያይ መጥቶ ወገቡን ይዞ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አለ፤ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

በበዓሉ ቀን የክብር እንግዳ ይመጣሉ ተብሎ ከፊት ጨርቅ የለበሰ ወንበር ተዘጋጅቷል። እኛ ከትልቅ መሥሪያ ቤት በመኪና የሚመጣ ሰው ስንጠብቅ እማማ ደስታ በእግራቸው መጡ። እማማ ደስታን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል፤ ከትንሹ ድልድይ ሥር ካሮትና ጎመን የሚያለሙ፣ ካሮታቸውን ስንነቅል በዱላ እስከ መንገድ ድረስ የሚያባርሩን ባልቴት ናቸው። ድልድዩንም ሰው ሁሉ ደስታ ድልድይ ነው የሚለው። የት ይቀመጡ ይሆን እያልን ስናያቸው እትዬ ዘነበች እጃቸውን ይዘው ቀጥታ ባለ ጨርቁ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

እትዬ ዘነበች የእንስራውን ታሪክ ለወላጆች ከተረኩ በኋላ «እኚህ አርበኛ ዛሬ እዚህ አብረውን አሉ» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ግቢው በር ሰገግ አደረገ። ማንም አልገባም። «እማማ ደስታ፣ ይነሡልን» አሉ።

እማማ ደስታ ተነሡ፤ ግን ወደ ሰው አልዞሩም። ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ግድግዳው ሄደው ሥዕሉ ፊት ቆሙ።

«ዘነቡ፣ ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እማማ።»

«ጺሙስ የማነው?»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ሲጨርሱ ግን ድምፃቸው ሌላ ሆነ። «ባለቤቴ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ ያለ ጺም አልነበረውም» አሉ። «ያን ጊዜ እሱ ወባ ይዞት አልጋ ላይ ነበር። ጣልያን ሲወጣ፣ ደስታ የሚባሉ አርበኛ እዚህ አሉ ወይ ብለው የመጡት ሁሉ እሱን ነበር እየሳሙ የሚሄዱት። ምስኪን፣ እኔ አይደለሁም ብሎ ሲምል ትሕትናው ነው ይሉታል። እኔ ከጓዳ ጠላ ይዤ እወጣለሁ፤ ጠላውን ተቀብለውኝ እሱን ያመሰግናሉ። እሱ ሲሞት በቃ አሁንስ ለኔ ይመለስልኛል ብዬ ነበር፤ እናንተ ደግሞ ለጺም ሰጣችሁት።»

ከዚያ ማን እንደሣለው ሳይነገራቸው፣ ቀለም በነካው ቀሚሴ ለይተው፣ ወደ እኔ መጡና አገጬን ያዙኝ። «ልጄ፣ አሁኑኑ አንሺልኝ። ከሞትኩ በኋላ ማን ይላጨኛል?»

ሰኞ ጠዋት ከአባቴ ጋር ላምባና ጨርቅ ይዘን ግድግዳው ፊት ቆምን። የመኪና ቀለም ደግሞ ፀሐይና ዝናብ እንዲችል የተሠራ ነው፤ ብንፈትገው ብንፈትገው ጺሙ ግራጫ ሆነ እንጂ አልለቀቀም። በመጨረሻ አባቴ በቡናማ ቀለም ሲደርብበት የግድግዳው እማማ ደስታ ጥርሱን እንደታመመ ሰው አገጫቸው ያበጠ ሆነው ቀሩ። እሳቸው ግን ዕለቱን ካሮት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተው፣ በአንድ እጃቸው የራሳቸውን አገጭ በሌላው የግድግዳውን ዳብሰው፣ «አሁን እኔ መጣሁ» አሉ። ካሮቱን ለኔ ሰጡኝ። ከነቀልነው ካሮት ይልቅ የተሰጠን እንደሚጣፍጥ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እትዬ ዘነበች በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ እሳቸውም ልጅ ሆነው የታሪክ መጽሐፍ ሲያነቡ እርሳቸው የተባለውን ሁሉ ወንድ እያደረጉ እንዳደጉ ነገሩን። ለካ እኛ ምን እንደምናስብ ሊያዩ ነበር ዝም ያሉት። ከዚያ ወዲያ ታሪክ ገና ሲጀምሩ ክፍሉ በሙሉ «ወንድ ናቸው ሴት?» ብሎ ይጮህ ጀመር፤ ካለፉት ዓርቦችም እየመለስን ጠየቅን። ጦር ከመሩት ውስጥ ሴት ነበሩ፤ ቅኔ ከተቀኙት፣ በግጥም ዳኛ ፊት ከተሟገቱት ውስጥም እንዲሁ። ዓመቱን ሙሉ በልቤ የሰበሰብኳቸው ጺማም ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ነጠላ ለበሱ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

እማማ ደስታ የሞቱት እኔ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ ነው። ካሮታቸው የነበረበት ቦታ ዛሬ ባለ ትልቅ በር መጋዘን ነው፤ በወንዙ ውኃ ካሮት ማጠብ ቀርቶ አጠገቡ ለመቆም አፍንጫ ይያዛል። የክፍላችን ግድግዳ ለአዲሱ ፎቅ ሲባል ፈረሰ፤ በኋላ ሰማሁ እንጂ ሄጄ አንድ ቁራጭ እንኳ አላነሣሁም፤ ይቆጨኛል። እትዬ ዘነበች ተዛውረው ከሄዱ በኋላ የት እንደደረሱ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የቀረው ስሙ ነው፤ ደስታ ድልድይ፣ የታክሲ ፌርማታ።

ይህን ሁሉ እሑድ ለሊዲያ ነገርኳት። ዘውዱን ትታ እማማ ደስታን ሣለች፤ ነጠላውን ሰማያዊ፣ እንስራውን ብርቱካንማ አደረገችው። በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤት ስወስዳት ታክሲ ውስጥ ሥዕሉ እንዳይታጠፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታው ነበር። አጠገባችን የተቀመጠ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ማንን ነው የሣልሽው ሚጡ?»

«እማማ ደስታን። የድልድዩን።»

«አይ፣ የድልድዩ ደስታ እኮ ወንድ ናቸው» አላት በትሕትና። «አባቴ እዚሁ ነው የተማረው። ትምህርት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሥዕላቸው ነበር፤ ጺማቸው እስከ ደረታቸው! ሴት መስለው በእንስራ ጥይት ያሻግሩ ነበር። ብልህ ሰውዬ ነበሩ።»

ከአምስተኛ ክፍል የወጣችው የራሴ ሐሳብ በሰው አፍ ተመልሳ መጣች። ያ አባት ሥዕሉን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከበዓሉ በፊት አይቶት ይሆናል። ስንፈትገው የዋልነው ጺም ግድግዳው ሲፈርስ እንኳ ከእማማ ደስታ አልወረደም ማለት ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሊዲያ መለሰችለት።

«ጺማቸውን አያቴ ላጭታቸዋለች።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ሰውዬውም ሳቀና «ወራጅ!» ብሎ ደስታ ድልድይ ላይ ወረደ። ላስረዳው በመስኮቱ ብጠራው አልሰማኝም።

ሊዲያ ወረቀቱን አስተካክላ ከሥሩ የጻፈችውን ደግማ አነበበችው። አምስቱ መስመር የሚጀምረው «እማማ ደስታ ሴት ነበሩ» ብሎ ነው። አስተማሪዋ፣ ይሄ ደግሞ ማንን ይጠፋዋል ብላ ትስቅ ይሆናል። አንድ ታክሲ ሙሉ ሰው ጠፍቶታል።