ባለ አምስት ጉልቻው ማድ ቤት

ሥራ የጀመርኩት ድስት አጣቢ ሆኜ ነው። ጦሩ አሶሳ አጠገብ ባለው ጉብታ ላይ በሰፈረ በመጀመሪያው ክረምት፣ የጦሩን መሪ የባላምባራሱን ቤትና ጓዳ የሚያስተዳድሩት አዛዥ ከጎጃም አብረን ከዘመትነው ሴቶች መካከል ጠቆሙኝና «የሺ፣ ነይ ማድ ቤት ግቢ» አሉኝ። ገባሁ። ትንሽ እንደ ተራመድኩ ግንባሬ ከግድግዳ ጋር ተገናኘ። ተመልሼ ወጣሁና «ጌታዬ፣ ማድ ቤቱ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አሁን የወጣሽበት ነው» አሉ።

ጎጆውን በቀርከሃ የሠሩት ወታደሮቹ ናቸው። ወታደር ማድ ቤት ሲሠራ የሚያስበው ምግቡ የሚወጣበትን በር ብቻ ስለሆነ፣ በሩ ጥሩ ነበር። ምድጃው መሃል ለመሃል ተተክሏል፤ ወፍጮው በሩ ሥር ተደቅኗል፤ የውኃ እንስራዎቹ ደግሞ ከምድጃው ጀርባ ናቸው። እሳት ሳይሻገሩ ውኃ መቅዳት አይቻልም። ባላምባራሱ አንድ ጊዜ ከበሩ ብቅ ብለው «ሰፊ ነው፤ ይበቃል» ብለው ሄዱ። እርሳቸው ውስጥ አልገቡም።

ብዙም ሳይቆይ የወጥ ቤት አለቃዋን ወባ ያዛትና ወደ ደጋ ተመለሰች። ሹመቱ ለእኔ ደረሰኝ። አዛዡ ሹመቱን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር። ሹመት ማለት ድስቱን አጥቤ ስጨርስ ወጡንም እኔው እሠራለሁ ማለት እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው።

በዚያው ሰሞን ወታደሮቹ ለአጥር ብለው ከጉብታው በታች ካለው የበርታ መንደር ቀርከሃ መቁረጥ ጀመሩ። ቀርከሃው ባለቤት ነበረው። ኢድሪስ የሚባል ገበሬ ደምሴ ከሚባል ወታደር እጅ መጥረቢያውን ነጥቆ በክረምቱ ሙላት ወንዝ ውስጥ ወረወረው። ኢድሪስ ተያዘ፤ እንደ ደንቡም ከአንድ ጠባቂ ጋር በአንድ ሰንሰለት እንዲቆራኝ ተፈረደበት። አዛዡ ለቁራኝነት የመረጡት ያንኑ ደምሴን ነው። «ጉዳዩን ስለሚያውቀው ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲያስለው ሌላው ይነቃነቅ ነበር።

ኢድሪስ የእኛን ሥጋ አይበላም፤ ክርስቲያን ያረደው ነዋ። እኛም የእነርሱን አንበላም። ስለዚህ እህቱ ሐዋ በየጠዋቱ ምግቡን ተሸክማ ጉብታውን ትወጣ ጀመር። ምግቡ በዝናብ ርሶና ቀዝቅዞ ይደርሳል። አንድ ቀን የማሽላ ገንፎው ላይ ያቆረውን የዝናብ ውኃ በጎን ስታፈስ አየኋትና አንጀቴን በላችው። አዛዡን አስፈቅጄ እዚያው እኔ ዘንድ እንድታበስል አደረግኩ። የራሷን ድስት፣ የራሷን ማማሰያና የራሷን ቢላዋ ይዛ መጣች።

ማድ ቤቱን ስታየው ሳቀች። አማርኛን ያወቀችው ከገበያና ከወታደር ነው፤ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው አነጋገሯ።

«የሺ፣ አንተ እዚህ ትሠራለህ? ይሄ የዶሮ ቤት ነው።»

«የባላምባራስ ማድ ቤት ነው» አልኳት፤ ክብሬ ተነክቶ።

«እሺ። የትልቅ ሰው የዶሮ ቤት።»

ከዚያ እጄን ይዛ እያንዳንዱን ዕቃ ታሳየኝ ጀመር። «ወፍጮ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ጣራ ሥር ዝናብ አይመጣም። እንስራ በር ጋ ይቀመጥ። መሬት ላይ ምን አለ? ሁሉ ወደ ላይ!» ወንድሟ ደምሴን እየጎተተ ቀርከሃ ሰነጠቀልን፤ ከምድጃው በላይ ቆጥ ሠራን። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ የደረቀው ባሚያ፣ ሰፌዱ፣ ጭልፋው ሁሉ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ከጣራው ሥር አንድ ክንድ ያህል ግድግዳ ቆርጠን ጭሱን አስወጣን። በግራ በኩል ያለው የእርሷ፣ በቀኝ በኩል ያለው የእኔ ሆነ። ዕቃችን አንድም ቀን አልተነካካም። ክርናችን ግን ቀኑን ሙሉ ይጋጭ ነበር፤ ስንጋጭ ደግሞ እንስቃለን። ከጎጃም ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

የኢድሪስ ጉዳይ ወደ እርቅ አመራ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለደምሴ አዲስ መጥረቢያ ሊሰጡ፣ ባላምባራሱም ቀርከሃ ሳያስፈቅዱ ላያስቆርጡ ተስማሙ። የቀረው አብሮ መብላት ብቻ ነበር። ሳይበላበት እርቅ እርቅ አይባልም። ችግሩ ባላምባራሱ ከግቢያቸው ማድ ቤት ያልወጣ ምግብ አይበሉም፤ መርዝ ይፈራሉ። እንግዶቻቸውም ከሌላ ቤት የመጣ ምግብ እንዲበሉ አይፈቅዱም፤ ስማቸውን ይፈራሉ። ውጭ እንዳይበሰል ዝናቡ አያባራም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ከዚያው ከእኔ ጎጆ፣ በአንድ ሰዓት መውጣት ነበረበት።

በላዩ ላይ ባላምባራሱ በግብዣው ማግስት ወደ ሌላ ሰፈር እንዲሄዱ ታዘው ነበር። እርቁ ካልተፈጸመ ኢድሪስም ከነሰንሰለቱ አብሮ ይሄዳል። ይህን የሰማች ቀን ሐዋ ገንፎዋን እያማሰለች ቀና ሳትል፣ «ወንድሜ እዛ ከሄደ አይመለስም» አለችኝ። «እናት የለም፣ አባት የለም። እሱ ብቻ ነው ያለኝ።» ጨው አቀበልኳት፤ የእርሷን ጨው፣ ከግራ በኩል።

ለአንድ ድስት ሦስት ጉልቻ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ድስት ስድስት። ስድስት ጉልቻ ብንተክል እኛ የምንቆምበት አይኖርም። ስለዚህ አምስት ተከልን፤ መሃለኛው ድንጋይ ሁለቱንም ድስት በየጎኑ ይሸከማል። ሁለት እሳት፣ ሁለት ድስት፣ ከኋላችን ደግሞ መተላለፊያ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የኮራሁበት ነገር የለም። አዛዡን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ምነው ባልጠራኋቸው ኖሮ።

ጉልቻዎቹን በበትራቸው እየነኩ ቆጠሩ። መሃለኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሁለታችንም ነው፣ ጌታዬ።»

«የሁለታችሁም የሚባል ድንጋይ የለም። የክርስቲያን ከሆነ የእስላም ድስት ምን ሊሠራ ተደገፈው? የእስላም ከሆነ ደግሞ የጌታዬን ወጥ አስደግፌ ምን ልባል ነው?»

«ድንጋይ እኮ ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔም ስለ ድንጋይ ነው የጠየቅኩሽ» አሉኝ።

ሲያስቡበት ውለው መፍትሔ አመጡ፤ ማድ ቤቱ መሃል ላይ ግድግዳ ይቁም። ወታደሮቹ ድንጋዩ ላይ የቀርከሃ ግድግዳ አቆሙ። በሁለት እሳት መካከል ቀርከሃ ማቆም ምን እንደሚያመጣ ስነግራቸው አዛዡ አመሰገኑኝና በሁለቱም ወገን ወፍራም ጭቃ አስመረጉበት። መተላለፊያችንን ጭቃ በላው። በሩ በእኔ በኩል ስለቀረ ለሐዋ ከጀርባ፣ በፈረሶቹ ጋጥ በኩል፣ ቀዳዳ ተበሳላት። እርስ በርስ መተያየት ቀረ። አንዳንዴ ብቻ ጭቃውን በጭልፋ ስታንኳኳ ይሰማኛል፤ አለሁ ማለቷ ነው።

የግብዣው ቀን ሽማግሌዎቹ በዝናብ መጥተው ከማድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ ተቀመጡ። የራሳቸው ሰው ፍየላቸውን አረደ፤ የእኛም ሰው በጋችንን። ወጡም ገንፎውም ደርሶ ሳለ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉት ሸህ በትሕትና «ማድ ቤቱን ማየት ይቻላል?» አሉ። አዛዡ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል እየመሩ አመጧቸው፤ ግድግዳውንም በእጃቸው መታ መታ አድርገው አሳዩዋቸው።

ሸሁ የእኔን ወገን አዩ። «ሌላውስ?» አሉ። በጋጡ ዞረው ጭቃ እየረገጡ ሄዱ። ሐዋን በቀዳዳው ሲያዩዋት ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

ተመልሰው ለባላምባራሱ እንዲህ አሉ፦ «እኛ ከግድግዳ ጀርባ የተሠራ ምግብ አንበላም። ምን እንደ ገባበት ማን አየ?»

ባላምባራሱ አልተቆጡም። ይልቁንም ወደ አዛዡ ዞሩ። «እኔስ ብሆን? ከጋጤ በኩል ድስት ሲገባና ሲወጣ ማን ያየዋል?»

ሁለቱ ወገኖች ያን ቀን መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር ይህ ነበር። ተስማምተውም ሁለቱም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ያዙ። ኢድሪስ ሊያያቸው ወደ ፊት ሲጠጋ ሰንሰለቱ ደምሴንም ጎተተው። ከግድግዳው ወዲያ ሐዋ ጭልፋዋን አላንኳኳችም።

እኔ ንዴት ሲይዘኝ እጄ ይቀድማል። ቢላዋዬን አንሥቼ ግድግዳው ከባላው ጋር የታሰረበትን ልጥ በጠስኩት። ጭቃው ገና እርጥብ ስለነበር ግድግዳው በሙሉ ወደ እኔ ተንዶ እስከ ጉልበቴ ቀበረኝ። አንድ ጊዜ ከጀመርኩ ብዬ ወደ አዳራሹ የሚያየውንም ግድግዳ ፈታሁት። እዚያ አገር የጎጆ ግድግዳ እንደ ሰሌን የተሠራ ቀርከሃ ነው፤ ማሰሪያውን ከቆረጡት ይነሣል።

«የሺ! ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አዛዡ።

«ቦታ እየፈለግኩ ነው፣ ጌታዬ።»

ደምሴ ግድግዳውን እንዲያነሣ በባላምባራሱ ታዘዘ፤ ኢድሪስም መቼስ ወደደም ጠላም አብሮ አነሣ። ማድ ቤቱ ፊቱን ለአዳራሹ ገለጠ። ከነጭቃችን፣ ከአምስቱ ጉልቻችን ጋር፣ ሐዋና እኔ ሁሉም ሰው ፊት ቆምን። ሸሁ መሃለኛውን ድንጋይ አተኩረው አዩት። ከዚያ ሐዋን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቋት፤ አጭር መልስ ሰጠቻቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ምን እንዳለቻቸው በኋላ ነገረችኝ፤ «ድንጋይ አንበላም አልኩ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ግን የደረሰው ምግብ አይበላም አሉ፤ አዲስ፣ ዓይናቸው እያየ ይሠራ። ይህን የሰሙት ባላምባራስ «እንግዲያው ለእኔም አዲስ ይሠራልኝ» አሉ፤ ክብር አይቀርባቸውም። ሁለታችንም ከሽንኩርቱ ጀመርን። የአዳራሹ ሰው በሙሉ እኛን እያየ ተራበ። ሰላምታ እንኳ በአስተርጓሚ ሲለዋወጡ የነበሩት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሽታው ሲደርሳቸው ያለ አስተርጓሚ ማውራት ጀመሩ።

«የእናንተው ይቀድማል መሰለኝ» አሉ ባላምባራሱ።

«ይቀድማል። ሐዋ ፈጣን ነው።»

«የእኔዪቱም ቀላል አይደለችም። ግድግዳ ስትንድ አይተዋል።»

ሸሁ ሳቁ። ሐዋ ቀደመችኝ፤ በቅንነት ነው የምናገረው፣ ቀደመችኝ። በአንድ አዳራሽ፣ በሁለት ማዕድ ተበላ። ከዚያ ሰንሰለቱ በመዶሻ ተፈታ። ኢድሪስና ደምሴ እጃቸውን እያሹ ተያዩ፤ ማን ይበልጥ ደስ እንዳለው አልለየሁም። አዲሱ መጥረቢያ ተሰጠ። ባላምባራሱ በማግስቱ ያለ እስረኛ ሄዱ። አዛዡ ለቀሩት ሁሉ ግድግዳውን ማፍረስ የእርሳቸው ሐሳብ እንደነበረ ሲናገሩ ሰማሁና ድስቴን ማጠብ ቀጠልኩ፤ ለጓዳው እህል የሚሰፍሩት እርሳቸው ናቸው።

ሐዋ ግን ሰንሰለቱ በተፈታበት በዚያው ሰዓት ነው የሄደችው። ድስቷን፣ ማማሰያዋንና ቢላዋዋን በአንድ ላይ አሰረች። «የሺ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለችኝ። ወንድሟን አስቀድማ በዝናቡ ቁልቁል ወረደች። እኔ በጭቃ እጄ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ጠዋት ማድ ቤት ገባሁ። ሰፊ ነበር። ቆጡ በግራ በኩል ባዶ ነው፤ ከኋላዬም ማንም የለም። ክረምቱን ሙሉ ስመኘው የቆየሁት ስፋት ይኸው ተሰጠኝ፤ ጠላሁት። ጨው ለማንሣት ዞርኩ፤ ከማንም ጋር አልተጋጨሁም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሹማምንት ማድ ቤት አስቀይሻለሁ፤ ሁሉም ጠባብ ነበሩ፣ ባለቤቶቹ ግን ሁሉንም ሰፊ ይሏቸዋል። አሁን ሥራውን ለያዛችሁት የምለው ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ሁለት ሰው የሚተላለፍበትን ለኩና ተዉት። ምድጃው፣ ቆጡና እንስራው በተረፈው ይግቡ። ካልበቃ ድስት ቀንሱ።