ሁለት ሰዓት በሞላ ቁጥር

ሲስተር አስቴር ባለፈው ሳምንት ጂንካ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። አብራችኋቸው ለሠራችሁ፣ በእጃቸው ለዳናችሁና ከእሳቸው ለተማራችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው በእሳቸው ሥር ነርስነትን የተማርኩ ነኝ። ከሐዘኑ ይልቅ ፍርሃቱ በርትቶብኛል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከገዘር አካባቢ የመጡ አንድ ንብ አንቢ ሆስፒታል እኛ ክፍል ተኝተው ነበር። ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወድቀው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ብሏቸዋል። ባለቤታቸው እንቅልፍ ይበጀዋል ብላ ማንንም አታስነካም። «ተኝቷል እኮ! ለምን ትቀሰቅሺዋለሽ?» ስትለኝ እተዋቸዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሥራም ይቀልልኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ብቻ ከመቀመጫቸው ከፍ ብሎ ያለውን አጥንት በቫዝሊን አሻለሁ። መቅላት ስላላየሁ ካርዳቸው ላይ «ቆዳው ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሲስተር አንድ ቀን መጥተው የእጃቸውን ጀርባ እዚያው ቦታ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ንኪው» አሉኝ። ነካሁት። ከዙሪያው ቆዳ ይልቅ ይሞቃል፤ ጠጥሯል።

«መጽሐፉ ቀይ ፈልጊ ይልሻል። የእኚህ ሰው ቆዳ ጥቁር ነው፤ መቅላቱ አይታይሽም። በእጅሽ ፈልጊው። ደግሞ ማሸቱን ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሲስተር።»

በሁላችንም ፊት፣ «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ማሸት ከሥር ያለውን ሥጋ ይበልጥ እንደሚጎዳ አንብቤያለሁ። ነገ እነግራችኋለሁ እያልኩ ቆየሁ።» ወደ በሽተኛው ባለቤት ዞረው፣ «እህቴ፣ በየሁለት ሰዓቱ አብረን እናገላብጣቸው። አንጎትትም፤ እናነሳቸዋለን» አሏት።

ቁስሉ ግን ቀድሞን ነበር። ከቀናት በኋላ ተከፈተ፤ ፋሻውን በፈታሁ ቁጥር ይሞቱብኛል እያልኩ እሰጋ ነበር። ወራት ፈጅቶ ዳኑ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «ደህና ነው» ብዬ ስጽፍ እጄ ይፈራል።

ዘንድሮ ሲስተርን ስትሮክ መታቸው። የእህታቸው ልጅና እኔ እየተፈራረቅን አስታመምናቸው። ያስተማሩትን እጄን በእሳቸው ዳሌ ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር ሙቀት እንዳላገኝ እጸልይ ነበር። ሌላው ቢቆስል አዝናለሁ፤ እሳቸው በእጄ ቢቆስሉ ግን ምን እሆን ነበር? ተረከዛቸውን ከፍራሹ ከፍ አድርጌ ትራስ ሳስገባ አንድ ቀን በተያዘ አንደበታቸው፣ «ፈራሽ?» አሉኝ።

«በጣም፣ ሲስተር።»

«ጥሩ። የፈራ ሰዓት አይረሳም።»

ሲስተር፣ ቆዳዎ ሳይቆስል ነው የሄዱት፤ ገላዎን ስናጥብ በእጄ ጀርባ አንድ በአንድ አይቻለሁ። ከዚያ መቃብሩ ውስጥ በጀርባዎ አስተኝተንዎት ተመለስን። ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጬ ሁለቱ ሰዓት ሲሞላ ሳላስበው ብድግ አልኩ። የሚያገላብጥዎት እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ፈራሁ። እስካሁንም ሰዓቱ በሞላ ቁጥር እነሳለሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ እቀመጣለሁ። ይተኙ፣ ሲስተር። ከእንግዲህ አልቀሰቅስዎትም።