በሁዳዴ የተገዛ ጨጓራ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍር ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ አዴኖሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የጨጓራን ጡንቻ ምን እንደሚያደርገው መፈተሽ ነበረብኝ። ለዕረፍት አንኮበር ወላጆቼ ቤት ስመጣ ሁዳዴ ገብቷል፤ የሚያርድ ክርስቲያን የለም። ስለዚህ አልዩ አምባ ወረድኩና ሰይድ የሚባል ሙስሊም ነጋዴ ፍየል ሲያርድ ጠብቄ ጨጓራውን ገዛሁት። የቄስ ልጅ፣ በጾም፣ የሙስሊም ሥጋ! ሰው ቢያየኝ አባቴ መቅደስ መግባታቸው የሚቀር መሰለኝ። የጨው ውሃ በያዘ ፔርሙዝ ውስጥ ደብቄው ወደ ቤት ወጣሁ።

ጓዳ ገብቼ ቀጭን የጡንቻ ቁራጭ ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ አንጠለጠልኩና ሲኮማተር ገለባ እንዲያነሣ፣ ሲላላ እንዲያወርድ በክር ከገለባ ጋር አሰርኩት። ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የመጣሁትን አዴኖሲን ጠብ ሳደርግ አባቴ ገቡ።

«ሥጋ ነው?»

«አልበላውም አባባ፤ ለጥናቴ ነው።»

ገለባው ቀስ ብሎ ተነሣ። አባቴ አማተቡ።

«ነፍስ አለው እንዴ?»

«ጡንቻው ላይ አዴኖሲንን የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ። አንዱ ዓይነት ያኮማትረዋል፣ ሌላው ያላላዋል። የትኛው እንደሚያይል ካወቅን ለቁርጠት መድኃኒት ይገኝ ይሆናል።»

አባቴ በጾም ሁሌም ቁርጠት ያሠቃያቸው ነበር። ገለባውን ትክ ብለው አዩት።

«ይሄ ይበቃሻል?»

«አይበቃም። ነገም አልዩ አምባ ወርጄ ከሰይድ ትኩስ መግዛት አለብኝ።»

ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«አንቺ ከወረድሽ የሰው አፍ ውስጥ ትገቢያለሽ። ከሰይድ ዘንድ እኔው አመጣልሻለሁ።»