የባሕሩ ዳር ሰፈር በረዶ

ባለፈው እሑድ ልጄ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሊገዛ ያሰበውን ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። «እማዬ፣ እዚህ ክበብ አለ፣ እዚያ መዋኛ፣ ውኃም አይጠፋም» እያለ በአጥሩ ዙሪያ አዞረኝ። እንዲህ ባለ ሰፈር አንዴ ኖሬአለሁ፤ አሰብ፣ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ።

ገና የሃያ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴን ተፈራን ስሙን የማላነሳው ድርጅት በበያጅነት ቀጥሮት፣ ከደሴ በጭነት መኪና የአፋርን በረሃ አቋርጠን ወረድን። የድርጅቱ ሰፈር ባሕሩን ተጠግቶ ነበር የተሠራው። ከፊት የኃላፊዎቹ ቤቶች፣ በረንዳቸው በሽቦ ወንፊት የተጋረደ፤ ከኋላ የእኛ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ነፋሱ እነሱ ጋ ደርሶ ያልቃል። እኛ ጋ የሚመጣው አቧራውና የዓሣው ሽታ ነበር። በክረምት ወራት፣ ደሴ ሰው ጋቢ ሲደርብ፣ እኛ አንሶላ በውኃ ነክረን ለብሰን እንተኛለን፤ ሳያሸልበን ይደርቃል።

በረዶ የሚገኘው በክበቡ ብቻ ነው። ክበቡ ደግሞ የኃላፊዎች ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ የመጀመሪያ ልጄ ሂሩት፣ ገና ጡት ያልጣለች፣ ትኩሳት ያዛት። የሰፈሩ ክሊኒክ ድሬሰር መርፌ ወጋትና «ገላዋን አቀዝቅዢው፣ በረዶ ፈልጊ» አለኝ። ተፈራ ሥራ ላይ ነው። ልጄን አቅፌ በቀትር ወደ ክበቡ ሄድኩ። ዘበኛው አዝኖልኝ አሳለፈኝ። በረንዳው ላይ ወይዘሮ ሰብለ፣ የተፈራ አለቃ ሚስት፣ ከጓደኞቿ ጋር ካርታ ትጫወታለች።

«እሜቴ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። ትንሽ በረዶ ያሰጡኝ።»

ከካርታዋ ቀና ሳትል፣ «ልጅ ሁሉ ያተኩሰዋል። ዛሬ በረዶ ብንሰጥ ነገ ወንበሩን ይሉናል» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

ሂሩት እጄ ላይ ዓይኗን ገለበጠች። አጠገባቸው ቢራ የተነከረበት የበረዶ ባልዲ ነበር። በአንድ እጄ አንስቼ ጠርሙሶቹን ወለሉ ላይ ዘረገፍኳቸውና ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። «ሌባ! ባለጌ!» እያለች ስትጮህ ዞሬም አላየሁ።

ልጄ ወደ ማታ ላይ ጡት ያዘች።

በማግስቱ ተፈራን አስጠሩት። ወይ ሚስትህ ክበቡ ድረስ ሄዳ ወይዘሮዋ እግር ላይ ትውደቅ፣ ወይ ቤቱን ልቀቁ ተባለ። ጎረቤቶቼ፣ ዓሣና ሩዝ አብረን ስንበላ የከረምን ሴቶች፣ ሳልፍ መስኮት ይዘጉ ጀመር። አንዷማ «በአንቺ ጦስ እኛንም ሊያባርሩን ነው» ብላ ደጄ ላይ ተፋች።

«ምን ይሻላል?» አለኝ ተፈራ። ድምፁ ደክሟል። «አንድ ጊዜ ዝቅ ብትዪስ?»

«ልጅህ እንድትሞት የፈረደች ሴት እግር ላይ ነው የምወድቀው?»

ሂሩትን ጎንበስ ብሎ ሲያያት ቆየና መፍቻውን አምጥቶ የአልጋችንን ብሎን መፍታት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ይህን ሰው ከልቤ የወደድኩት።

ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ተፈራ ሥራውንም ብዙ አልቆየበትም፤ ሰበብ ፈልገው አሰናበቱት። ከዚያ ወደቡ ላይ ሸክም እስከ መሸከም ደርሷል።

ከዘመናት በኋላ አዲስ አበባ፣ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ወይዘሮ ሰብለ አየችኝ። አርጅታለች። «የአሰብ ልጅ!» ብላ ልታቅፈኝ እጇን ዘረጋች። በረዶውን ጨርሶ አታስታውሰውም። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ፤ ሰው ሁሉ ታዘበኝ።

አሁን የአሰብ ሰዎች እየተሰባሰቡ ፎቶግራፍ ያያሉ፣ ያንን ሰፈር እያነሱ ያለቅሳሉ። በየጊዜው ይደውሉልኛል፤ አልሄድም። እርጅና ልብ ያራራል ሲሉ እሰማለሁ። ሙቀቱ የእግዜር ነው፤ ለእሱ ቂም የለኝም። የሰዎቹን ግን ይዤው ወደ መቃብሬ እወርዳለሁ።