ካለበት እወስደዋለሁ ያልኩት መኪና

ባለቤቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ በሞተር ሳይክል መሄድ ስቃይ ሆነባት። ሚዛን ሆስፒታል በየወሩ ቀጠሮ አላት፤ እኛ ያለነው ደግሞ ሸኮ ነው። ለእሷ ስል ያገለገለ ፒክአፕ ገዛሁ። ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

የልጄ ባል ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ግን ቴፒ ጭነት ይዞ ሄዶ ነበር። ብቻዬን ሚዛን ወረድኩ። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው ወዲያው ተነሣ። ኮፈኑን ብነካው ይፋጃል፤ የቀትር ፀሐይ ነው ብዬ አለፍኩት። ለካ ሳልመጣ በፊት ሲያሞቀው ቆይቷል።

ውል ጸሐፊው አነበበልኝ፦ «መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ።» እኔ አፌን የፈታሁት በሸኮኛ ነው፤ አማርኛ የለመድኩት ገበያ ላይ ነው። «ባለበት» ሲል የቆመበት ቦታ መሰለኝ።

«ግድ የለም፣ ካለበት ራሴ እወስደዋለሁ» አልኩ። «ቤቴ ድረስ አምጡልኝ አልልም።»

ጸሐፊውም ምስክሮቹም ሳቁ። ሻጩማ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አባባ፣ እንደርስዎ ያለውን ገዢ ያብዛልን!» አለ። እኔም አብሬ ስቄ ፈረምኩ። ከመናኸሪያ ሹፌር ፈልጌ ሸኮ አስነዳሁት።

በማግስቱ ጠዋት አልነሣም አለ። የልጄ ባል ከፍቶ አይቶ፣ «ሞተሩ አልቋል፣ አባባ» አለኝና ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ወደ ሻጩ ሱቅ ሄድኩ። ወንበር ሰጠን። «አባባ፣ አስገደድኩዎ እንዴ? ወረቀቱ ይነበብ» አለ። ተነበበ። አንደኛው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ባለበት ማለት እኮ ከነጉድለቱ ማለት ነው» አለኝ።

«ታዲያ ከነጉድለቱ ብለው ለምን አልጻፉም?»

ሻጩ፣ «ካለበት እወስደዋለሁ ብለዋል፤ ምስክሮቹ ሁሉ ሰምተዋል» አለ። ሽማግሌው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። «ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ግን ፈርመሃል። ፍርድ ቤት ብትሄድም የሚነበብብህ ይኸው ወረቀት ነው» አለኝ።

ከዚያ ይቅር ተባባሉ አሉን። ይቅር አልኩት። እሱም ይቅር አለኝ፤ በምን እንዳስቀየምኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ፣ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ባለበት ይሁን አሉ።»

ጉልበቷን እያሸች ወደ ጓዳ ገባች።

የቀጠሮዋ ቀን ያካፋ ነበር። ሞተረኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። እግሯን በሁለት እጄ ደግፌ አወጣኋት። ጥርሷን ነክሳ፣ «ግባ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ዝናብ አይምታህ» አለችኝ።

ሞተረኛው ይዟት ሲሄድ ባዶ ቤት መግባት አስጠላኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።