ከታች ወርውሪ

ካራ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ሣር ላይ በየእሑዱ የምንጫወትበትን እንጨት ከባሕር ዛፍ ጠርበው የሠሩልን አያቴ ናቸው፤ አባባ እንላቸዋለን። ጨዋታውን ወንድሜ በስልኩ አሳያቸውና ወደዱት። በሁለት ቡድን ተከፍለን፣ በየጫፋችን አምስት አምስት ጉማጅ እናቆማለን፤ መሐል ላይ ንጉሡ የምንለው ትልቁ ጉማጅ ይቆማል። በዱላ የተቃራኒን አምስቱንም መጣል፣ ንጉሡን መጨረሻ። ዱላው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ብቻ ነው የሚወረወረው።

የእኔ እጅ ግን ሁልጊዜ ከትከሻዬ በላይ ይነሣል። አባባ የእኔው ቡድን ሆነው፣ ተራቸውን ከሚጠብቁበት በርጩማ ላይ ይጮኹብኛል።

«ከታች! ከታች ወርውሪ! ውሻ ነው እንዴ የምታባርሪው?» ከዚያ ለተቃራኒዎቻችን፣ «ይቺን አትቁጠሩላት» ይላሉ።

«አባባ፣ የማን ወገን ነዎት?» እላቸዋለሁ ተናድጄ።

«የሕጉ ነኛ!»

የአባባ አርባ ከወጣ በኋላ ባለው እሑድ ተሰብስበን ተጫወትን። አምስቱም ወድቀው ንጉሡ ብቻ ቀረ፤ የመጨረሻው ዱላ እኔ እጅ ነበር። ሆን ብዬ፣ ከትከሻዬ በላይ አንሥቼ ወረወርኩት። ንጉሡ ወደቀ።

ተቃራኒዎቻችን እንኳን ቆጠሩልኝ። ወንድሜ ቀስ ብሎ «አሸነፍን» አለኝ።

እኔ ግን ወደ በርጩማው ዞሬ እየጠበቅሁ ነበር። አትቁጠሩላት የሚል ጠፋ።